አልፍ ኮመንና የመጀመሪያው የ1,000 ፓውንድ ዝውውር፦ ገንዘቡ ለምን በተጫዋቹ እጅ ሳያልፍ ቀረ?

የሜዳ ዳር

ይህ ክር ስለ አንድ ተጫዋች ነው፤ አልፍ ኮመን። ስሙ የሚነሳው ሁልጊዜ በአንድ መስመር ነው፦ በ1905 ከሰንደርላንድ ወደ ሚድልስብሮ በ1,000 ፓውንድ ተዛወረ፣ በዓለም የመጀመሪያው ባለ አራት አኃዝ ዝውውር ሆነ። ከዚያ ወሬው ዘሎ ዛሬ መቶ ሚሊዮን ላይ ያርፋል። ቁም ነገሩ ግን መሃሉ ላይ ነው፤ እስቲ እሱን እንዘርዝር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። ፌብሩዋሪ 1905 በእኛ የካቲት 1897 መሆኑ ነው።)

ኮመን ሜይ 25 ቀን 1880 ሰንደርላንድ ውስጥ ተወለደ። በሳውዝ ሂልተንና በጃሮው ጀምሮ በ1900 ሰንደርላንድ ገባ። ክለቡ በዚያ የውድድር ዘመን ከሊቨርፑል ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። በ1901 በ325 ፓውንድ ወደ ሼፊልድ ዩናይትድ ሄደ። የሚገርመው ሁለቱም ወገን ቀናው፤ ሰንደርላንድ ያለ እሱ የ1901–02 ሻምፒዮን ሆነ፣ እሱ ደግሞ በዚያው ዓመት የኤፍኤ ዋንጫን አነሳ። በፍጻሜው ክሪስታል ፓላስ ሜዳ ላይ ሳውዝሃምፕተንን ሲገጥሙ የሼፊልድን ግብ ያስቆጠረው ኮመን ነው፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሃሪ ዉድ አቻ አደረገ። ከሳምንት በኋላ በተደገመው ጨዋታ ሼፊልድ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ሄድሊና ባርንስ ናቸው ያገቡት።

በ1904 ክረምት ወደ ሰንደርላንድ ተመለሰ። ሒሳቡ 520 ፓውንድ ነበር፤ አልበርት ሉዊስ የሚባል ተጠባባቂ በረኛም በዚያው ስምምነት አብሮ ሄዷል። ወራት እንኳ ሳይቆይ በፌብሩዋሪ 1905 ሚድልስብሮ 1,000 ፓውንድ ከፍሎ ወሰደው።

ለውይይት የማቀርበው ይህን ነው፦ ያ ገንዘብ የዘመኑ እብደት አልነበረም። የሊጉና የእንግሊዝ እግር ኳስ ማህበር ደንቦች ገንዘቡን ወደዚያ ገፍተው ወሰዱት እንጂ። የምታውቁ ግቡበት።

ሂሳብ ሹም

በደመወዙ ልጀምር፤ ያለ እሱ ሌላው አይገባም።

የእንግሊዝ እግር ኳስ ማህበር በ1900 ወስኖ ከ1901–02 ጀምሮ የማንኛውም ፕሮፌሽናል ደመወዝ ጣሪያ በሳምንት 4 ፓውንድ እንዲሆን አደረገ። ለማሸነፍ ጉርሻ ተከለከለ። ለፊርማ የሚሰጠው ከ10 ፓውንድ አይበልጥም። አንድ ጥሩ ሙያ ያለው ሠራተኛ በሳምንት ሁለት ፓውንድ ገደማ በሚያገኝበት አገር 4 ፓውንድ መጥፎ አይደለም። ችግሩ ለአገሩ ምርጥ አጥቂም ለተጠባባቂም ጣሪያው አንድ መሆኑ ነው።

እንግዲህ አስሉት። በዓመት 52 ሳምንት ሙሉውን ቢከፈለው 208 ፓውንድ ነው። 1,000 ፓውንድ ማለት የኮመን የ250 ሳምንት ደመወዝ ነው፤ አምስት ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ከዚህ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ለእሱ የሚደርሰው የ10 ፓውንዷ ፊርማ ብቻ ነች። ሌላው ከክለብ ወደ ክለብ ነው።

የክለቡስ ገንዘብ ከየት መጣ ካላችሁ፣ ሊጉ ያስቀመጠው ዝቅተኛ የመግቢያ ዋጋ ስድስት ፔኒ ነበር። አንድ ፓውንድ 240 ፔኒ ስለሆነ፣ 1,000 ፓውንድ የሚሞላው 40,000 ሰው በስድስት ስድስት ፔኒ ሲገባ ነው። ሚድልስብሮ በ1903 አዲሱን ኤርሰም ፓርክን ከፍቷል፤ ሜዳውን የነደፈው አርችባልድ ሊች ነው። ያን ሜዳ ለመሙላት በአንደኛ ዲቪዚዮን (ያኔ ከፍተኛው ምድብ) መቆየት ነበረበት።

ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ ባለአክሲዮኖቹን ነው። የማህበሩ ደንብ ለባለአክሲዮን የሚከፈለውን ትርፍ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ከልክሏል። ስለዚህ በሁለት በኩል ታጥሮ ነበር፤ ዳይሬክተሮቹ ትርፉን ወደ ኪሳቸው ማስገባት አይችሉም፣ ለተጫዋች መጨመርም አይችሉም። የቀረው መውጫ ወይ ሜዳ መሥራት ወይ ተጫዋች መግዛት ነው። በግዢው በኩል ደግሞ ጣሪያ የሚባል ነገር አልነበረም።

ሰማያዊ ካልሲ

ሂሳብ ሹም እናመሰግናለን። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ውሉ ካለቀ ተጫዋቹ ለምን ዝም ብሎ አይሄድም? ሰንደርላንድ የሚሸጠው ምኑን ነው?

መልቀቂያ

ሰማያዊ ካልሲ፣ የሚሸጠው ምዝገባው ነው። ውሉና ምዝገባው የተለያዩ ነገሮች ነበሩ፤ ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነበር። ተጫዋቹ ለአንድ የውድድር ዘመን ይፈርማል፤ ውሉ የሚያልቀው ኤፕሪል 30 ነው። ከዚያ በፊት ክለቡ ለሊጉ ዝርዝር ይልካል። በዝርዝሩ ላይ «እናስቀረዋለን» ተብሎ የሰፈረ ሰው ውሉ ቢያልቅም ያለ ክለቡ ፈቃድ በሊጉ ውስጥ ለሌላ ቡድን መመዝገብ አይችልም። «ለዝውውር» ተብሎ ከተቀመጠ ደግሞ ስሙ አጠገብ ዋጋ ይጻፍበታል፤ ያን ዋጋ የሚከፍል እስኪመጣ ይጠብቃል። ዋጋው በዛብኝ ካለ ለሊጉ አስተዳደር ኮሚቴ አቤት ማለት ይችላል፤ ኮሚቴው ሊቀንስለት ይችላል፤ ኮሚቴው ግን የክለብ ሰዎች ስብስብ መሆኑን ልብ በሉ። ክለቡ ጨርሶ ካልፈለገው ብቻ ነው በነጻ የሚለቀው።

ምዝገባው እንደ መኪና ሊብሬ ነበር፤ ማን ይንዳት ማን፣ ሊብሬው በማን ስም ነው የሚለው ነው የሚታየው።

እምቢ ያለ ሰውስ? አልፈርምም ካለ ከሜይ ጀምሮ ደመወዝ የለውም፤ ምዝገባው ግን እዚያው ክለብ ይቀራል። ክለቡ የሚከስረው ነገር የለም፤ ለማይጫወት ሰው አይከፍልም። የተጫዋቹ ዕድሜ ግን ይሄዳል። ሁለት ዓመት ቁጭ ያለ አጥቂ ማን ይገዛዋል?

አንድ ቀዳዳ ነበር። ደንቡ የፉትቦል ሊግ ደንብ ነው። ደቡብ ሊግ የሚባለው ሌላ ውድድር አልፈረመበትም፤ ስለዚህ ተጫዋች ምንም ሳይከፈልበት ወደ ሳውዝሃምፕተን፣ ወደ ፖርትስማውዝ ወይም ወደ ቶተንሃም መሄድ ይችል ነበር። የሜዳ ዳር የጠቀሰው የ1902 የፍጻሜ ተጋጣሚ ሳውዝሃምፕተን የደቡብ ሊግ ክለብ ሆኖ እስከዚያ የደረሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀዳዳው የተደፈነው በ1910 ገደማ ሁለቱ ሊጎች አንዱ የሌላውን ምዝገባ እንዲያከብር ሲስማሙ ነው። ከተጎጂዎቹ አንዱ ሃሪ ኪንጋቢ ነበር፤ አስቶን ቪላ በ300 ፓውንድ ገዝቶት ጥቂት ጨዋታ ብቻ አጫውቶ ተወው፣ እሱም ወደ ደቡብ ሊግ ሄደ፤ ስምምነቱ ሲመጣ ቪላ የድሮውን ምዝገባ አውጥቶ ዋጋ ጠየቀበት። በ1912 በተጫዋቾች ማህበር ድጋፍ ፍርድ ቤት ሄዶ ተሸነፈ። ደንቡ በፍርድ ቤት የተነቀነቀው በ1963 ጆርጅ ኢስትሃም ኒውካስልን ሲረታ ነው።

የሜዳ ዳር

መልቀቂያ፣ ጥሩ አድርገህ አስቀመጥከው። ለኮመን ጉዳይ አንድ ነገር ልጨምር። በ1904 ከሼፊልድ የወጣው ወደ ሰሜን ምሥራቅ መመለስ ስለፈለገ ነው፤ ሼፊልድ ግን ሲለቀው 520 ፓውንዱን ተቀብሏል። ተጫዋቹ አቅጣጫውን ሊመርጥ ይችላል፣ ዋጋውን የሚቆርጠው ግን ሌላ ነው። ሰንደርላንድ ደግሞ በጥቂት ወራት ውስጥ የ480 ፓውንድ ልዩነት አገኘበት። ሰንደርላንድ ለንግዱ አዲስ አልነበረም፤ ከአንድ ዓመት በፊት ተከላካዩን አንዲ ማኮምቢን ለኒውካስል በ700 ፓውንድ ሸጧል። ከ700 ወደ 1,000 መሄድ እንደሚወራው ሰማይ የሚነካ ዝላይ አይደለም።

አሮጌ ኳስ

ገንዘቡን ተዉትና ሰውየው ምን ዓይነት ተጫዋች ነበር? ቁመቱ 1 ሜትር ከ73፣ ክብደቱ 82 ኪሎ ገደማ። በዛሬ ዓይን አጭርና ወፍራም አጥቂ ነው። በዚያ ዘመን ግን ለሥራው የተሰራ ሰው ነበር፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

አሰላለፉ 2-3-5 ነው፤ ሁለት ተከላካይ፣ ሦስት አማካይ፣ አምስት አጥቂ። ከጨዋታ ውጪ ሕጉ በአጥቂውና በግቡ መስመር መካከል ሦስት ተጫዋች እንዲኖር ይጠይቃል (ሁለት የሆነው በ1925 ነው)። እስከ 1907 ድረስ ደግሞ በራስህ ሜዳ አጋማሽ ላይ ሆነህም ከጨዋታ ውጪ ልትባል ትችላለህ። ስለዚህ ከተከላካይ ጀርባ ሮጦ ማምለጥ የሚባለው ዕድል ጠባብ ነው። የመሃል አጥቂው ኳስን በጀርባው ሸሽጎ መያዝ፣ በትከሻ መግፋት፣ ለክንፎቹ መልቀቅ፣ ከዚያ ሳጥን ውስጥ ደርሶ መጋጨት አለበት። ኳስ የያዘ በረኛን በትከሻ ገፍቶ ከነኳሱ ግብ ውስጥ ማስገባት ሕጋዊ ነበር። 82 ኪሎ እዚያ ላይ ነው ዋጋ የሚያወጣው።

ኳሱ የተሰፋ ቆዳ ነው፤ በውስጡ የጎማ ፊኛ አለ፣ አፉ በጠፍር ይታሰራል። ሕጉ ጨዋታ ሲጀመር ከ13 እስከ 15 አውንስ ይላል፤ ከ370 እስከ 425 ግራም ገደማ። «ሲጀመር» የሚለውን ልብ በሉ። ቆዳው ውኃ ይጠጣል፤ በፌብሩዋሪ ጭቃ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ያ ቁጥር የለም። ጠፍሩ ባለበት በኩል በግንባር የመታ ግንባሩን ይላጣል። ቅያሪ የሚባል ነገርም የለም፤ የተጎዳ ወይ እያነከሰ ክንፍ ላይ ይቆማል ወይ ቡድኑ በአስር ይጨርሳል።

አሁን ወደ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1905 እንምጣ። ኮመን በሚድልስብሮ ማሊያ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በብራሞል ሌን፣ በቀድሞ ክለቡ በሼፊልድ ዩናይትድ ሜዳ ነው። ሚድልስብሮ ከሜዳው ውጪ ካሸነፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር። ውጤቱ 1 ለ 0፣ ግቧ የኮመን የፍፁም ቅጣት ምት።

ፍፁም ቅጣት ምት ስንል የዛሬውን አታስቡ። ነጥቡ ከግቡ 12 ያርድ (11 ሜትር) ላይ መሆኑ ከ1902 ጀምሮ እንደ ዛሬው ነው። በረኛው ግን በመስመሩ ላይ የመቆም ግዴታ አልነበረበትም፤ እስከ 6 ያርድ ወደፊት መውጣት ይችላል። ግቡ 8 ያርድ ይሰፋል። በረኛው ግማሽ መንገድ ከወጣ መሸፈን ያለበት ስፋት 4 ያርድ ብቻ ነው፤ 3 ሜትር ከ66። ከፍታውም እንዲሁ ነው፤ በቀጥታ የተመታ ኳስ አግዳሚው ሥር ለመግባት ከበረኛው ዘንድ ሲደርስ 1 ሜትር ከ20 ገደማ ላይ ነው፤ ደረቱ ላይ ማለት ነው። በእሱ ላይ አሳልፎ ለመጣል በ11 ሜትር ውስጥ ከፍ ብሎ የሚወርድ ኳስ ያስፈልጋል፣ በከባድ ኳስ። ስለዚህ መምቻው አንድ ነው፤ ዝቅ አድርጎ፣ በኃይል፣ ወደ ጎን። በረኛው በመስመሩ ላይ እንዲቆም የታዘዘው በዚያው 1905 ነው፤ ኮመን የመታት ግን በአሮጌው ሕግ ነው።

ሰንጠረዥ

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አባባል ላርም። «ኮመን ሚድልስብሮን ከመውረድ አዳነ» ይባላል። ሰንጠረዡ እንደዚያ አይልም።

በ1904–05 አንደኛ ዲቪዚዮን 18 ክለብ ነበረው፤ ሁለት ወራጅ። ሚድልስብሮ 15ኛ ጨረሰ። መጨረሻ ላይ የነበሩት ቡሪና ኖትስ ካውንቲ ናቸው። በሜይ 1905 ጉባኤ ግን ሊጉ እያንዳንዱን ዲቪዚዮን ወደ 20 ክለብ አሳደገ፤ ቼልሲ ወደ ሊጉ የገባው በዚያ ጉባኤ ነው። ቡሪም ኖትስ ካውንቲም ቦታቸውን ይዘው ቀሩ፣ ሊቨርፑልና ቦልተን ከታች ጨመሩ። በዚያ ዓመት ማንም አልወረደም! 1,000 ፓውንዱ የተከፈለበት አደጋ በወረቀት ተሰረዘ።

እውነተኛው ጭንቅ የመጣው በቀጣዩ ዓመት ነው። የ1905–06 መጨረሻ ይህን ይመስላል፦ ሚድልስብሮ 10 አሸንፎ፣ 11 አቻ፣ 17 ተሸንፎ፣ 56 አግብቶ 71 ገብቶበት 31 ነጥብ። ኖቲንግሃም ፎረስት 13 አሸንፎ፣ 5 አቻ፣ 20 ተሸንፎ፣ 58 አግብቶ 79 ገብቶበት 31 ነጥብ። ዎልቭስ በ23 ነጥብ ከታች። አንዱ መውረድ ነበረበት።

ያኔ የግብ ክፍያ በመቀነስ ሳይሆን በማካፈል ነው የሚወጣው። 56 ለ 71 ሲካፈል 0.789፤ 58 ለ 79 ሲካፈል 0.734። ፎረስት ወረደ። በመቀነስም ቢሆን 15 ዕዳ ከ21 ዕዳ ይሻላል፤ ውጤቱ አይለወጥም። የሚለውጠው ሌላ ነው፤ ማሸነፍ ያኔ 2 ነጥብ ነበር። በዛሬው 3 ነጥብ ብናሰላ ፎረስት 44፣ ሚድልስብሮ 41፤ ሚድልስብሮ ይወርድ ነበር።

በማርች 1906 ደግሞ ሚድልስብሮ ስቲቭ ብሉመርን ከደርቢ ካውንቲ አመጣ፤ ብሉመር 32 ዓመቱ ነው፣ ሒሳቡ 750 ፓውንድ። እንግዲህ ኮመን ብቻውን አዳነ የሚለው ከየት መጣ?

የሜዳ ዳር

ሰንጠረዥ፣ ቁጥሮችህ ልክ ናቸው፤ ፍርድህ ግን ከኋላ ተነስቶ ነው። በፌብሩዋሪ 1905 ክለቡ በእጁ የነበረው መረጃ ሁለት ወራጅ፣ ከሜዳ ውጪ ድል የለም፣ አዲስ ሜዳ የሚል ነው። የሜዩን ጉባኤ ተማምኖ ቁጭ የሚል ዳይሬክተር የለም። ደግሞ በ1905–06 ከስድስት መቶኛ ባነሰ የግብ ክፍያ ልዩነት የተረፈ ቡድን ውስጥ የዋናው አጥቂ ግቦች ሲቀነሱ ምን ይቀራል? ሁለት ግብ ከ56ቱ ቢጎድል 54 ለ 71 ሲካፈል 0.761፤ አሁንም ይተርፋል። አራት ቢጎድል 0.732፤ ይወርዳል፤ እነዚያ ግቦች ያመጡትን ነጥብ ሳንቆጥር ነው።

ሰንጠረዥ

ይሄን እቀበላለሁ፤ ግን «በ1906 በረዳው» እና «በ1905 አዳነው» አንድ አይደሉም። ጸሐፊዎቹ የሚጽፉት ሁለተኛውን ነው።

ሂሳብ ሹም

ሁለታችሁም ያለፋችሁት ነገር አለ፤ መዝገቡ። ይህ ዝውውር ከተፈጸመ በኋላ ማህበሩ የሚድልስብሮን የሒሳብ መጻሕፍት አስመርምሯል። የተገኘው ለተጫዋቾች የተከፈለ የተከለከለ ጉርሻ ነው። በጃንዋሪ 1906 ክለቡ 250 ፓውንድ ተቀጣ፤ ከ12 ዳይሬክተሮች 11ዱ ታገዱ።

የበለጠ የሚያስገርመው አሌክስ ማኪ ነው። ኮመን ከሰንደርላንድ ሲሸጥ የሰንደርላንድ ሥራ አስኪያጅ እሱ ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት ሚድልስብሮ ገብቶ የሸጠውን ተጫዋች ራሱ ማሰለፍ ጀመረ፤ በ1906ቱ ቅጣት እሱም ታገደ። ቀደም ሲል በ1904 ሰንደርላንድ ሳለ በማኮምቢ ጉዳይ ተቀጥቷል። ያ ጉዳይ እንዲህ ነው፦ ክለቡ ማኮምቢ ንግድ እንዲጀምር 100 ፓውንድ ሰጠው። ክለቡ ብድር ነው አለ፣ ተጫዋቹ ስጦታ ነው አለ። ፍርድ ቤቱ ብድር ነው ብሎ ለክለቡ ፈረደ። ማህበሩ ግን ስጦታ ነው ብሎ ክለቡን ከደመወዝ ጣሪያ በላይ ከፍለሃል ብሎ ቀጣው፤ 250 ፓውንድ፣ ስድስት ዳይሬክተሮችም ታገዱ። አንዱ ገንዘብ በፍርድ ቤት ዕዳ፣ በማህበሩ ዘንድ ወንጀል ሆነ።

ማንችስተር ሲቲም እዚሁ ይመደባል። በ1905 ቢሊ ሜሬዲዝ ለአስቶን ቪላው አሌክስ ሊክ 10 ፓውንድ አቅርቧል ተብሎ ታገደ። ክለቡ ፊት ሲነሳው ሜሬዲዝ አፉን ከፈተ፤ ጣሪያውን ማንም እንደማያከብር ተናገረ። በ1906 አስራ ሰባት ተጫዋቾች ታገዱ፣ ለሲቲ ዳግም እንዳይጫወቱም ተከለከሉ። ሜሬዲዝ፣ ተርንቡል፣ በርጀስና ባኒስተር ወደ ማንችስተር ዩናይትድ ተሻገሩ። ቀጥሎ ያለውን የዩናይትድ ደጋፊዎች ታውቁታላችሁ፤ በ1908 ሻምፒዮን።

በአጭሩ ጣሪያው ክፍያን አላስቀረም። ከላይ የሚታየው ገንዘብ ለክለብ፣ ከሥር የሚሄደው ለተጫዋች ሆነ። ሁለቱም ከአንድ ደንብ የወጡ ናቸው።

ሰማያዊ ካልሲ

ታዲያ ማህበሩ 1,000 ፓውንዱን አይቶ ዝም አለ? ዝውውሩ ላይስ ጣሪያ ለምን አላደረጉም?

መልቀቂያ

አደረጉ እንጂ፤ አልሠራም። ሰው እንደ ከብት ይሸጣል የሚለው ተቃውሞ በጋዜጦች ከበረታ በኋላ ማህበሩ ከጃንዋሪ 1908 ጀምሮ ማንኛውም ዝውውር ከ350 ፓውንድ እንዳይበልጥ ደነገገ።

ክለቦቹ መውጫውን ለማግኘት ብዙም አልፈጀባቸውም። አንድ አጥቂ በ1,000 መግዛት ከፈለግህ፣ ከሻጩ ክለብ ሦስት ተጫዋች በአንድ ላይ ትገዛለህ፤ እሱንና ማንም የማይፈልጋቸውን ሁለት ተጠባባቂዎች፣ እያንዳንዳቸው በ350። ድምሩ 1,050፤ ሁሉም በደንቡ ውስጥ። ሁለቱ ተጠባባቂዎች አዲሱ ክለብ ሜዳ ላይ ላይታዩ ይችላሉ። በእነሱ በኩል ስታዩት ደግሞ ይብሳል፤ መድረሻቸው ሳይጠየቁ የሒሳብ ማሟያ ሆኑ። ደንቡ ጥቂት ወራት ቆይቶ ተነሳ።

ተጫዋቾቹ በዲሴምበር 1907 ማንችስተር ኢምፔሪያል ሆቴል ተሰብስበው ማህበራቸውን ያቋቋሙት በዚሁ ሰሞን ነው፤ ከፊት ከነበሩት አንዱ ሜሬዲዝ። የመጣላቸው ለውጥ በ1910 ረጅም ላገለገለ ተጫዋች ጣሪያው በደረጃ እስከ 5 ፓውንድ መድረሱ ነው። ጣሪያው ጨርሶ የተነሳው በ1961፣ 20 ፓውንድ ላይ ደርሶ ሳለ ነው።

የለንደን ቀዩ

ሁላችሁም 1905 ላይ ቆማችኋል። ሰውየው እኮ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ተጫውቷል። በሚድልስብሮ 168 የሊግ ጨዋታ አድርጎ 58 አግብቷል፤ በዚያ የሕግ ሁኔታ ሦስት ጨዋታ ሊሞላ ሲል አንድ ግብ። በ1910 ክረምት ዎልዊች አርሰናል ገባ፤ ዕድሜው 30።

አርሰናል ያኔ ፕላምስቴድ በሚገኘው ማኖር ግራውንድ የሚጫወት ድሃ ክለብ ነበር፤ ከመሃል ለንደን የራቀ፣ ተመልካቹ የቀነሰ፣ በዚያው ዓመት በኪሳራ አፋፍ ላይ ሆኖ ሄንሪ ኖሪስ የተረከበው። ኮመንን ከመሃል አጥቂነት ወደ ውስጥ አጥቂነት አወረዱት፤ ማለትም ከፊት መጋጨቱን ለሌላ ትቶ ትንሽ ወደኋላ ቀርቶ ማቀበል። እግሩ ሲከብድ ቅብብሉ ገና አለ፤ በ1911–12 በ17 ግብ የክለቡ ከፍተኛ አግቢ ነበር።

በዲሴምበር 1912 በ250 ፓውንድ ወደ ፕሪስተን ኖርዝ ኤንድ ሄደ። የሄደበት ጊዜ ነው የሚገርመው። አርሰናል በዚያ የውድድር ዘመን በአጠቃላይ ሦስት ጨዋታ ብቻ አሸንፎ በ18 ነጥብ የመጨረሻ ሆኖ ወረደ። ፕሪስተን ደግሞ የሁለተኛ ዲቪዚዮን ሻምፒዮን ሆኖ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ፕሪስተን ተመልሶ ወረደ፣ ኮመንም በ1914 ጫማውን ሰቀለ።

ዋጋውን ተከተሉት፦ በ21 ዓመቱ 325፣ በ24 ዓመቱ 520 ከዚያም 1,000፣ በ32 ዓመቱ 250። ሳምንታዊ ደመወዙ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከ4 ፓውንድ ብዙም አልራቀም።

ሰማያዊ ካልሲ

1,000 ፓውንድ በዛሬ ስንት ይሆናል? አንዳንድ ቦታ መቶ ምናምን ሺህ ይላሉ።

ሂሳብ ሹም

በሸቀጥ ዋጋ ካሰላኸው ያን ያህል ይመጣል፣ ግን ምንም አይነግርህም፤ የዳቦ ዋጋ የተጫዋችን ገበያ አይለካም። በደመወዝ ለካው። ያኔ የአንድ ኮከብ ዝውውር የራሱ የ250 ሳምንት ሕጋዊ ደመወዝ ነበር። ዛሬ በሳምንት 200,000 ፓውንድ የሚከፈለው ተጫዋች በዚያው መለኪያ 50 ሚሊዮን ይሆናል። ሩቅ አይደለም። ልዩነቱ የዛሬው ተጫዋች ከስምምነቱ የራሱን ድርሻ ይዞ መውጣቱ ነው።

አሮጌ ኳስ

ወደ 10,000 ለመድረስም ብዙ ጊዜ ወስዷል፤ ዴቪድ ጃክ ከቦልተን ወደ አርሰናል በ10,890 ፓውንድ የሄደው በ1928 ነው። በ1893 ዊሊ ግሮቭስ ከዌስት ብሮም ወደ ቪላ በ100 ፓውንድ ሲሄድ ጉድ ተብሎ ነበር። ከ100 ወደ 1,000 አስራ ሁለት ዓመት፣ ከ1,000 ወደ 10,000 ሃያ ሦስት ዓመት። የመጀመሪያው ነው ፈጣኑ፤ ከ1901 ጀምሮ የደመወዝ በር መዘጋቱም በዚያ ውስጥ ነው ያለው።

ሰማያዊ ካልሲ

የመጨረሻ ጥያቄ። ይህን ያህል ዋጋ ያለው ሰው ለእንግሊዝ ስንት ጊዜ ተጫወተ?

አሮጌ ኳስ

ሦስት ጊዜ፤ ሁለት ግብ። በ1904 ሬክሳም ላይ ከዌልስ ጋር 2 ለ 2 ሲለያዩ አንድ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቤልፋስት ላይ አየርላንድን 3 ለ 1 ሲያሸንፉ አንድ። ሦስተኛው በ1906 ካርዲፍ ላይ ከዌልስ ጋር ነው፤ 1 ለ 0፣ ግቧ የእሱ አይደለችም።

ትንሽ ነው ከማለታችሁ በፊት ሁለት ነገር ተመልከቱ። እንግሊዝ ያኔ በዓመት የምትጫወተው ሦስት ጨዋታ ነበር፤ ስኮትላንድ፣ ዌልስ፣ አየርላንድ። ወደ አህጉሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣችው በ1908 ነው። ደግሞ የመሃል አጥቂው ቦታ ቪቪያን ዉድዋርድ የተባለ ሰው ይዞት ነበር፤ አማተር ነው፣ ለመጫወት አንድ ሳንቲም የማይቀበል። የዓለም ውዱ ተጫዋች ለብሔራዊ ቡድኑ በነጻ የሚጫወተውን ሰው አሸንፎ መግባት አልቻለም።

የለንደን ቀዩ

ከ1914 በኋላ ዳርሊንግተን ውስጥ መጠጥ ቤት ሲያስተዳድር ቆየ፤ እስከ 1943። በ1946 እዚያው ዳርሊንግተን ሞተ። የደመወዝ ጣሪያው ያኔ ገና አልተነሳም ነበር።